ዘንበል ማለትና ማስመሰል፦ ስለ ጉግስና ስለ ጠረጴዛ ጨዋታ ሕጎች
በአዳማ ከተማ በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



የዚህ ስብሰባ አዘጋጆች ንግግር እንዳደርግ በጠየቁኝ ጊዜ ስለ ድልድይ ወይም ስለ ውሃ መስመር እናገራለሁ ብለው ጠብቀው እንደ ነበር እገምታለሁ። እኔ ግን የመረጥሁት ርእስ ጨዋታ ነው። ይኸውም አንድ ሰው ከርቀት የተወረወረበትን ዘንግ ዘንበል ብሎ እንዴት እንደሚያሳልፈው፣ ወርዋሪውም የሚወረውር መስሎ እንዴት እንደሚያታልለው፣ ይህም ሁሉ በወረቀት ላይ በሕግና በቁጥር ሲገለጥ ምን መልክ ሊኖረው እንደሚገባ ለማስረዳት ነው። ጨዋታ ቀላል ነገር ነው የሚል ባልደረባ ቢኖር፣ የጉዳዩ እምብርት ጊዜና ርቀት መሆናቸውን ሲያይ ከሙያችን ብዙ እንዳልራቅሁ ይረዳልኛል ብዬ አምናለሁ።

የነገሩ መነሻ እንዲህ ነው። እዚሁ አዳማ ውስጥ ከጥቂት ወዳጆቼ ጋር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እየተሰበሰብን የምንጫወተው ጨዋታ አለ። እያንዳንዱ ተጫዋች የአንድ ባለታሪክን ሚና ይይዛል፤ አንዱ ደግሞ ተራኪና ዳኛ ሆኖ ሁኔታውን ይገልጣል። ባለታሪኩ ሊያደርግ ያሰበው ነገር ይሳካ እንደ ሆነ የሚወሰነው በዳይስ ነው። ይህን ዓይነቱን ጨዋታ በመጽሐፍ መልክ አሳትመው ለዓለም ያስተዋወቁት አሜሪካውያኑ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ሲሆኑ፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1974፣ የጨዋታው ስም «ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ» ነበር። የሩቅ ዘሩን ለሚፈልግ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት የፕሩሺያ መኮንኖች ለሥልጠና ይጠቀሙበት የነበረውን የካርታና የዳይስ የጦር ጨዋታ ማስታወስ ይበቃል።

እኛም የባዕድ አገር ግንብና ዘንዶ ሲሰለቸን፣ ባለታሪኮቹ የአርሲና የሸዋ ፈረሰኞች የሆኑበት፣ ፍልሚያውም ጉግስ የሆነበት የራሳችን ጨዋታ ለመሥራት ተነሣን። በዚህ ጊዜ ክርክር ተነሣ። ከወዳጆቼ አንዱ፣ በሙያው የሒሳብ ሠራተኛ የሆነ፣ ለእያንዳንዱ ፈረሰኛ አንድ የማምለጫ ቁጥር እንስጠው አለ። ቀልጣፋው አምስት፣ ዘገምተኛው ሁለት ይኑረው፤ ዘንግ ሲወረወርበት ዳይስ ጥሎ ከቁጥሩ በታች ካገኘ አመለጠ ማለት ነው። እኔ ይህን ተቃወምሁ። ተቃውሞዬም ባጭሩ ይህ ነው፦ ማምለጥ የሰውዬው ሀብት አይደለም፤ በወርዋሪውና በተወርዋሪው መካከል ያለው ርቀት የሚሰጠውና የሚነሣው ነገር ነው።

የወዳጄ ሐሳብ ግን ያለ አባት የተወለደ አልነበረም። በታተሙት ጨዋታዎች ሁሉ ማለት ይቻላል የተለመደው መንገድ ይኸው ነው። በ«ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ» ተከላካዩ አንድ የመከላከያ ቁጥር አለው፤ በኋለኞቹ እትሞች ጥሩሩ፣ ጋሻውና ቅልጥፍናው ተደምረው ይህን ቁጥር ያወጡታል። አጥቂው ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ይጥላል፤ ተከላካዩ ተቀምጦ ውጤቱን ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው አምስተኛው እትም አንድ ባለታሪክ ተራውን ለማምለጥ ብቻ ሊያውለው ይችላል። ያን ጊዜ አጥቂውን እስካየ ድረስ፣ አጥቂው ሁለት ዳይስ ጥሎ ያነሰውን እንዲወስድ ይገደዳል። ነገር ግን ቀስቱ ከ10 ሜትር ቢለቀቅም ከ40 ሜትር ቢለቀቅም ይህ ጥቅም አይጨምርም፤ አይቀንስምም። እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመው «ጉርፕስ» የተባለው ጨዋታ ከዚህ ይሻላል፤ ተከላካዩ ራሱ ዳይስ ጥሎ ይሸሻል፣ የተሸከመው ጭነትም ያዘገየዋል። ሆኖም እዚያም የመሸሻው ቁጥር የሚወጣው ከሰውዬው ፍጥነት እንጂ በመካከል ካለው መሬት አይደለም።

ስለ ማስመሰል ደግሞ የበለጠ የሚገርም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው በሦስተኛው የ«ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ» እትም ውስጥ ማስመሰል በሕግ ተጽፏል። አታላዩና ተታላዩ ዳይስ ይወዳደራሉ፤ አታላዩ ካሸነፈ ግን የሚጠቀመው በቅርብ በሚሰነዝረው ምት ብቻ ነው። ከሩቅ ለሚወረውር ሰው ማስመሰል አልተፈቀደለትም። ሕጉን የጻፉት ሰዎች ጉግስ አይተው ቢሆን ኖሮ እንዲህ የሚሉ አይመስለኝም።

ጉግስ ምን እንደ ሆነ ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል። ሆኖም ከከተማ ወጥተው ለማያውቁ ወጣት አባላት ጥቂት ልበል። ሁለት የፈረሰኛ ወገኖች ይሰለፋሉ። አንዱ ወገን ፈረሱን እያስጋለበ ይሸሻል፤ ሌላው እያሳደደ ቀላል ዘንግ ይወረውራል። የሚሸሸው ከጉማሬ፣ ከጎሽ ወይም ከአውራሪስ ቆዳ በተሠራ ጋሻ ይመክታል፤ ወይም በፈረሱ አንገት ላይ ተለጥፎ፣ ወደ ጎንም ተንጠልጥሎ ዘንጉን ያሳልፋል። ከዚያም ተራው ይገለበጣል፤ አሳዳጅ የነበረው ተሳዳጅ ይሆናል። በጥምቀትና በመስቀል በጃን ሜዳ ይታይ ነበር፤ በባህል ስፖርቶች ውድድርም የራሱ ቦታ አለው። በአገው ምድር ደግሞ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በዓሉን ያከብራል። የዱሮ መኳንንት በፈረሳቸው ስም ይጠሩ እንደ ነበርም ሁላችን እናውቃለን፤ አባ ዳኘው፣ አባ ነፍሶ፣ አባ መላ ሲባል ስሙ የፈረሱ፣ ክብሩ የሰውዬው ነው።

በእኛ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች፣ በሞጆም ሆነ በመቂ፣ በባቱም ሆነ እዚህ በአዳማ፣ ፈረስ በብዛት የሚታወቀው በጋሪ ነው። የጋላቢው ፈረስ አገር ደጋው ነው፤ ወደ አሰላና ወደ ባሌ ሲወጣ ይገኛል። ስለዚህ ክርክራችን ባልቋጭ ባለ ጊዜ ከአርሲ ደጋ የመጡ፣ በወጣትነታቸው ጉግስ የተጫወቱ አንድ አባት ዘንድ ሄድን። የሁለታችንንም ሐሳብ በትዕግሥት ካዳመጡ በኋላ፣ ለወዳጄ የሰጡት መልስ ጥያቄ ነበር፦ ልጅህን ፈረስ ላይ አስቀምጠህ «አንተ ቀልጣፋ ነህ፣ አምስት ቁጥር አለህ» ብለህ ትልከዋለህን? ቀጥለውም በቅርብ ቀልጣፋውም ሰነፉም እኩል እንደሚመታ፣ ዓይኑን ያጣ ሰውም እንደሚያውቁ ነገሩን። ልጆች መጀመሪያ የሚማሩት ዘንበል ማለትን ሳይሆን፣ ከኋላ ያለው ፈረስ ምን ያህል እንደ ቀረበ በኮቴው ድምፅ መለየትን ነው አሉ። ወዳጄ ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ቁጥሩ ያለው አቋም ላላ፤ ፈጽሞ ግን አልተወም።

እኔ የእኒህን አባት ቃል ወደ ሒሳብ ልመልሰው። ዘንጉ ከወርዋሪው እጅ ሲወጣ በሰከንድ 20 ሜትር ይሄዳል ብለን እንያዝ፤ ይህ ለስሌት የወሰድሁት ልክ ነው፣ የአየሩንም ግጭት ትቼዋለሁ። ሁለቱ ፈረሶች በእኩል ፍጥነት ከጋለቡ፣ የአሳዳጁ ፈረስ ፍጥነት በዘንጉ ላይ ስለሚደመር፣ ዘንጉ ወደ ተሳዳጁ የሚቀርበው በዚያው በሰከንድ 20 ሜትር ነው። እንግዲህ በ5 ሜትር ርቀት ሩብ ሰከንድ፣ በ13 ሜትር 0.65 ሰከንድ፣ በ25 ሜትር ደግሞ ከአንድ ሰከንድ ከሩብ በላይ ይፈጃል።

አሁን ወደ ሰውዬው እንምጣ። ሰው በዓይኑ ላየው ድንገተኛ ነገር ምላሽ ለመጀመር ከሰከንድ አንድ አምስተኛ እስከ አንድ አራተኛ ያህል ይፈልጋል፤ ወደ ግራ ልበል ወደ ቀኝ የሚል ምርጫ ሲጨመርበት ጊዜው ይረዝማል። 0.3 ሰከንድ እንበለው። ደረቱን ከዘንጉ መንገድ ለማውጣት ደግሞ 0.35 ሰከንድ እንስጠው። ድምሩ 0.65 ይሆናል። ስለዚህ ከ13 ሜትር በታች ማንም ሰው፣ ቀልጣፋ ቢሆንም፣ ዘንጉ ከእጅ ሲወጣ አይቶ ሊያመልጥ አይችልም። የቀልጣፋውና የዘገምተኛው ልዩነት በዚህ ስሌት ከሰከንድ አንድ አስረኛ እምብዛም አያልፍም፤ ያም በርቀት ሲተረጎም 2 ሜትር ነው። ወዳጄ አምስትና ሁለት ብሎ የለየው ሁሉ በዚህች 2 ሜትር ውስጥ ያድራል።

በ25 ሜትር ያለው ሁኔታ የተለየ ነው። ወርዋሪው ዘንጉን ወደ 19 ዲግሪ ያህል ቀና አድርጎ ካልለቀቀው መሬት ይመታል። ቀና ብሎ የመጣ ዘንግ ደግሞ በሰማይ ላይ ይታያል፤ ተሳዳጁ ወደ ኋላ አንድ ጊዜ ካየ በቂ ጊዜ አለው። ቆሞ የሚወረውር ሰው ከዚህ የባሰ ነው፦ በሰከንድ 11 ሜትር እየጋለበ በሚሸሽ ፈረስ ላይ ዘንጉ የሚቀርበው በ9 ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ 13 ሜትሩን ለመሸፈን ከአንድ ሰከንድ ተኩል ትንሽ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። በአንጻሩ ሁለት ፈረሰኞች ፊት ለፊት ሲመጡ ፍጥነቶቹ ተደምረው 42 ሜትር ይሆናሉ፤ ያን ጊዜ ጋሻ እንጂ ዘንበል ማለት አያድንም። እነዚህን ሦስት ሁኔታዎች በአንድ ቁጥር መሸፈን፣ ለገደልም ለሜዳም አንድ ዓይነት የመንገድ ንድፍ ማውጣት ማለት ነው።

በነገራችን ላይ፣ ይህ ስሌት በየቀኑ የምንሄድበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተውና 85 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ እስከ 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት ያስነዳል፤ በሰከንድ ከ33 ሜትር በላይ ማለት ነው። ሾፌሩ ከፊቱ ያለውን መኪና ፍሬን አይቶ እግሩን እስኪያነሣ ድረስ መኪናው ከዚህ አዳራሽ ርዝመት የሚበልጥ መንገድ ይሄዳል። «እኔ ቀልጣፋ ነኝ» የሚለውን ሾፌር ሁላችን ተሳፍረንበት እናውቃለን።

ማስመሰል የሚገባው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ከ13 ሜትር በታች ያለ ተሳዳጅ ዘንጉን ሊጠብቅ አይችልም፤ ስለዚህ ዘንጉ ሳይሆን የወርዋሪው ትከሻና ክርን ሲነሣ አይቶ አስቀድሞ ዘንበል ማለት አለበት። አስቀድሞ ዘንበል የሚል ሰው ደግሞ ሊታለል የሚችል ሰው ነው። ወርዋሪው ክንዱን አንሥቶ ይመልሳል፤ ተሳዳጁ ይንጠለጠላል፣ ፈረሱ ክብደቱን ተከትሎ ያዘነብላል፣ ፍጥነትም ያጣል። እውነተኛው ውርወራ የሚመጣው ተሳዳጁ ወደ ኮርቻው ሲመለስ ነው። የኳስ ተጫዋቾቻችን አብዶ የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ተከላካዩን የሚጥለው የኳሱ ፍጥነት ሳይሆን የራሱ ችኮላ ነው።

ማስመሰል ግን በነጻ አይገኝም። ተሳዳጁ ካልተታለለ ወርዋሪው አንድ ሰከንድ ያህል አጥቷል፤ ብልህ ተሳዳጅ ደግሞ በዚያች ሰከንድ ርቀት ይገዛባታል። በ25 ሜትር ላይ ማስመሰል ከንቱ ነው፤ ተሳዳጁ አይቶ ለማምለጥ ጊዜ ስላለው ክንድ ቢነሣ ባይነሣ ግድ የለውም። በ5 ሜትርም ላይ ብዙ አያስፈልግም፤ የሚመታውን ሰው ለምን ያታልሉታል? ማስመሰል የሚኖረው በመካከለኛው ርቀት ብቻ ነው። ይህ ለጨዋታ ሕግ ጸሐፊ ከሁሉ የበለጠ የሚጠቅም ግኝት ይመስለኛል፤ ሕጉ ባለበት ቦታ ሁሉ ሳይሆን ትርጉም ባለው ቦታ ብቻ እንዲሠራ ያደርገዋልና።

የዚህን ጥበብ መጨረሻም ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም። የአርሲ ፈረሰኞች በጦርና በጋሻ ለዘመናት ያካበቱት የርቀት ዕውቀት እ.ኤ.አ. ከ1882 እስከ 1886 በተደረገው ጦርነት ጠመንጃ ገጠመው። በአዙሌ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1886፣ የራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ ሠራዊት ድል ያደረገው በዚህ የመሣሪያ ብልጫ ነበር። የዚያ ዘመን ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ 400 ሜትር ያህል ይጓዝ ስለ ነበር፣ 100 ሜትሩን ከሩብ ሰከንድ እምብዛም ሳይበልጥ ይጨርሰዋል። በጉግስ ሜዳ 5 ሜትር የነበረው የሞት ርቀት 100 ሜትር ሆነ ማለት ነው። ጀግንነቱ አልጎደለም፤ ዘንበል የሚሉበት ጊዜ ግን ተወሰደባቸው። ጥይትን በቅልጥፍና እንዲያመልጡ የሚፈቅድ የጨዋታ ሕግ ሳነብ እነዚህ ፈረሰኞች ትዝ ይሉኛል፤ ለነሱ ያልተሰጠውን ጊዜ ለፈጠራ ባለታሪክ መስጠት ቅር ያሰኘኛል።

አሁን ወደ ጠረጴዛው ልመለስ። የታተሙት ሕጎች ማስመሰልን ለማስተናገድ የሚቸገሩት፣ በእኔ አስተያየት፣ ተራ በተራ ስለሚሄዱ ነው። በአንዱ ተራ ሌላው ዝም ብሎ ከቆመ ምን ሊታለል ይችላል? መፍትሔውን ያገኘሁት ከቤታችን ነው። በአገራችን በቆየው በሰንጠረዥ ጨዋታ መክፈቻው ወረራ ይባላል። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ የፈቀዱትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ የሌላውን እጅ እያየ አሰላለፉን ይለውጣል። የአውሮፓው ቼዝ ይህ የለውም። ለእኛ ጨዋታ የወሰድሁት ይህንን የአንድነት እንቅስቃሴ ነው።

ረቂቅ ሕጉ እንዲህ ይላል። በመካከለኛ ርቀት፣ ማለትም ከ6 እስከ 13 ሜትር ድረስ፣ ወርዋሪው «ወረወርሁ» ወይም «አስመሰልሁ» የሚል ካርድ ደፍቶ ያስቀምጣል፤ ተሳዳጁም «ዘነበልሁ» ወይም «ጠበቅሁ» የሚል። ሁለቱም ባንድ ጊዜ ይገለጣሉ። ወርውሮ ተሳዳጁ ከጠበቀ፣ በባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ከ1 እስከ 4 ያለው ይመታል። ወርውሮ ተሳዳጁ ዘንበል ካለ የሚመታው 1 ብቻ ነው። አስመስሎ ተሳዳጁ ከተታለለ፣ ተከታዩ ውርወራ እስከ 5 ድረስ ይመታል። አስመስሎ ተሳዳጁ ከጠበቀ ግን ርቀቱ ስለሚሰፋ ተከታዩ ውርወራ የሚመታው በ1 ወይም በ2 ነው። ከ13 ሜትር በላይ ካርዶቹ አይወጡም፤ ወርዋሪው የሚመታው 1 ሲያገኝ ነው። ከ6 ሜትር በታችም አይወጡም፤ የሚወስነው ጋሻው ነው።

እነዚህን ቁጥሮች በዘፈቀደ አላስቀመጥኋቸውም። ወርዋሪው ሁልጊዜ የሚወረውር ከሆነ፣ ተሳዳጁ ሁልጊዜ ዘንበል እያለ ከስድስት አንድ ብቻ ያስመታዋል። ሁልጊዜ የሚያስመስል ከሆነም፣ ተሳዳጁ ዝም ብሎ ይጠብቅና ከስድስት ሁለት ያደርገዋል። ስሌቱ ሲሠራ ለወርዋሪው የሚሻለው ግማሹን ጊዜ መወርወር፣ ግማሹን ማስመሰል ነው፤ ለተሳዳጁ ደግሞ ከሦስት አንድ ጊዜ ዘንበል ማለት፣ ሁለት ጊዜ መጠበቅ። ሁለቱም እንዲህ ካደረጉ ወርዋሪው ከስድስት ሦስቱን ይመታል። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ለእኔም ያልጠበቅሁት ነበር፦ የሚሸሽ ሰው፣ ምንም እንኳ ዘንበል ማለት ከዘንጉ ቢያድነው፣ ብዙውን ጊዜ ቀጥ ብሎ መጋለብ ይኖርበታል። እኒያ አባት ይህን በነገርኋቸው ጊዜ አልተደነቁም። ፈሪ ነው ሁልጊዜ የሚንጠለጠለው አሉኝ።

የሒሳብ ሠራተኛው ወዳጄ አሁንም አንድ ትክክለኛ ስሞታ አለው። ካርድ መድፋትና መግለጥ ጊዜ ይወስዳል፤ በእያንዳንዱ ወገን ስድስት ፈረሰኛ ከተሰለፈ አንድ ዙር ጉግስ ቅዳሜን በሙሉ ይበላል። ይህን አልክድም። ስለዚህ ካርዱ የሚወጣው በዋናዎቹ ባለታሪኮች መካከል ብቻ እንዲሆን፣ ለቀሩት ግን አንድ ዳይስ እንዲጣል ተስማምተናል። የእሱም የማምለጫ ቁጥር በዚህ በኩል ተመልሶ ገብቷል፤ ነገር ግን የመካከለኛውን ርቀት ዳርቻ በ2 ሜትር ከማስፋትና ከማጥበብ በቀር ሥልጣን የለውም።

ያልተፈታው የፈረሱ ጉዳይ ነው። ፈረስ ጋሪ አይደለም፤ ጌታው ሳያዝዘው ከሚወረወር ዘንግ የሚሸሽ ፈረስ አለ፣ የማይሸሽም አለ። የአገራችን ጋላቢ ደግሞ በልማድ እርካቡን የሚይዘው በእግሩ አውራ ጣት ብቻ ስለ ነበር፣ ፈረሱ ድንገት ሲያዘነብል ሚዛኑን የሚጠብቀው በጉልበቱና በጭኑ ነበር። ፈረሱ የራሱ ካርድ ይኑረው ወይስ በጋላቢው ካርድ ላይ ይደመር የሚለውን እስካሁን አልወሰንንም። ረቂቁ በአዳራሹ መውጫ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ከእናንተ መካከል ፈረስ ያሳደገ ሰው ቢኖር በዚህ ነጥብ ላይ ያለውን ሐሳብ በኅዳጉ ላይ ጽፎ እንዲተውልን በአክብሮት እለምናለሁ።